ወንጪ ላይ ፓኖራማ፦ ብርሃኑ በየደቂቃው ሲቀያየር እንዴት ነው የምታነሱት?

እንሰት ሥር፦

ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አክስቴ ወሊሶ ላይ ቁርስ ቤት ከፍታለች። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ባዶውን ቆሟል። እዚያ ላይ የወንጪን ሐይቅ ሙሉውን ካልሰቀልሽልኝ ብላ ይዛኛለች። የታሰበው 3 ሜትር በ1 ሜትር የሚሆን ሕትመት ነው። አንድ ፎቶ ያን ያህል ሲለጠጥ ስለሚፈርስ ፓኖራማ፣ ማለትም ጎን ለጎን ከተነሱ ፎቶዎች (ፍሬሞች) የተገጣጠመ መሆን አለበት።

ካሜራዬ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካኖን ነው፣ አብሮት የመጣው 18–55 ሌንስ አለው። ትራይፖድ አለኝ፣ ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ለሙከራ ያነሳሁትን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ስቲች ሳደርገው (ስገጣጥመው) ሰማዩ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጠቆር ያሉ ሰንበሮች ወጡበት። ከፊት ያለው የእንሰት ቅጠል አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሆኗል። እነዚህን እሺ እንበልና፣ ፎቶው ራሱ ርዝመት እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ዓይን የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ከሁሉም የከፋው ብርሃኑ ነው። ጸሐይ እስክትወጣ ቆሜ ጠብቄ እጀምራለሁ፣ አራተኛው ፍሬም ላይ ስደርስ ደመና ይጋርዳታል፣ ከዚያ ግራው ፋሲካ ቀኙ ሐምሌ ሆኖ ቁጭ ይላል። በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ እዚያው አድሬ እሑድ ጠዋት ላነሳ ነው ሐሳቤ። በስንት ሰዓት ልቁም? ማኑዋል ነው አውቶ? በየትኛው ሌንስ? ያላችሁን ወዲህ በሉ።

ጠርዝ ላይ፦

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ። ኤቪ ሞድ (ብርሃኑን ካሜራው ራሱ የሚያስተካክልበት) ላይ ነበርሽ? ፖላራይዘር ፊልተር ነበረው? ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ነው ጄፔግ?

እንሰት ሥር፦

ኤቪ። ፖላራይዘር አዎ፣ ውሃው ላይ ያለውን ነጸብራቅ እንዲቀንስልኝ ብዬ። ሮው ነው።

ጠርዝ ላይ፦

በይ እንግዲህ ሰንበሩ ተገኘ። ኤቪ ላይ ካሜራው እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚለካው። ነጭ ደመና የበዛበትን ያጠቁራል፣ ጥላ ያለበትን የገደል ግድግዳ ያነጣል። ጎን ለጎን ስታስቀምጫቸው ልዩነቱ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሮው ስለሆነ የሙከራውን ማዳን ትችያለሽ። ላይትሩም ክላሲክ ላይ ሁሉንም ፍሬም ምረጪና፣ ብርሃኑ ደስ ያለሽን አንዱን መሪ አድርጊ። ከዚያ ሴቲንግስ ሜኑ ውስጥ ማች ቶታል ኤክስፖዠርስ የሚል አለ። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ)፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) አይቶ ልዩነቱን አስልቶ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል። ስቲቹ ከዚያ በኋላ ነው። ደመና በእውነት የጋረደውን ግን አያስተካክልም፣ እሱ የሚያውቀው የካሜራውን ቁጥር ብቻ ነው።

ፖላራይዘሩን ፍቺው። ሰማይን በጣም የሚያጠቁረው ከጸሐይ 90 ዲግሪ በሚርቀው አቅጣጫ ነው። ወደ ጸሐይ ወይም ወደ ተቃራኒዋ ስትዞሪ ኃይሉ ይጠፋል። በአንድ ፎቶ ያምራል። ሰፊ ፓኖራማ ላይ ግን የሰማዩ አንድ ክፍል ብቻ ድብን ያለ ሰማያዊ ይሆንና ሌላው ገርጥቶ ይቀራል፤ ያንን በሶፍትዌር ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ሌላው የሌንሱ ጠርዝ ነው። ርካሽ ሌንስ ጥግና ጥጉ ላይ ጨለም ይላል፣ በተለይ 18 ላይ አፐርቸሩ ሲከፈት። አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አድርጊው፣ ላይትሩም ላይ ደግሞ የሌንስ ፕሮፋይሉን (የሌንሱን ጉድለት የሚያስተካክለውን) አብሪ።

እሑድ ጠዋት እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ካሜራውን በቁመቱ ትከይ። ሞዱ ማኑዋል። አይኤስኦ 100 ወይም 200፣ ኤፍ 8። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውስጥ በጣም የሚያበራውን ቦታ ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ ለጸሐይ ቅርብ የሆነው ደመና ነው። እሱ እንዳይቃጠል ሹተሩን አስተካክለሽ ከዚያ በኋላ አትንኪው። ጥላው ጨልሞ ይታይሽ፣ ከሮው ላይ ይነሳል። የተቃጠለ ደመና ግን አይመለስም። ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛኑ) ደይላይት ላይ ይቀመጥ፣ አውቶ አይሁን። ፎከሱን ማዶ ባለው ዳርቻ ላይ አንዴ በአውቶ ያዢና ወደ ማኑዋል ቀይሪው። ፍሬሞቹ ሲሶ ያህል ይደራረቡ፣ ደመናው የሚሮጥ ከሆነ ጨመር አድርጊበት።

የእንሰቱ ቅጠል ሁለት የሆነው ካሜራው ሲዞር ሌንሱ ቦታ ስለሚቀይር ነው። ጣትሽን ከዓይንሽ ፊት አቁመሽ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዓይን ብታዪ ጣትሽ ከኋላው ካለው ነገር አንጻር ይዘላል አይደል? እሱ ነው። መፍትሔው ካሜራውን በሌንሱ ውስጥ ባለው ትክክለኛ ነጥብ ላይ ማዞር ነው፣ ለዚያ የሚሆን ተንሸራታች ብረት ይሸጣል። ግን ለዚህ ሥራ አትግዢ። ማዶውና ሐይቁ ሩቅ ስለሆኑ ምንም አይሆኑም። የሚያስቸግርሽ ጥቂት ሜትር ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው። ወይ ከፍሬም አውጪው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ አንድ ፍሬም ውስጥ እንዲገባ አድርጊና መገጣጠሚያው ላይ እንዳይወድቅ ጠንቀቅ በይ።

ትራይፖዱ ከተወዛወዘ መሃሉ ላይ ቦርሳሽን አንጠልጥይበት። ጭንቅላቱ ሳይሆን እግሮቹ መስተካከላቸውን እዪ፤ አለዚያ ስትዞሪ አድማሱ ይንሸራተታል።

ሰሜን ብርሃን፦

«ጠርዝ ላይ» የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። ግን ማኑዋል ማድረግ የካሜራውን ችግር ነው የሚፈታው፣ የሰማዩን አይፈታም። የጠየቀችው ደግሞ ስለ ሰማዩ ነው።

እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ነው፣ ሀገር ቤት ስመጣ ሁሌ የሚያስደነግጠኝ የብርሃኑ ፍጥነት ነው። እዚህ ጸሐይ አግድም እየተንሸራተተች ነው የምትወጣው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ቀኑን ሙሉ ወርቃማ ብርሃን ነው ማለት ይቻላል (ቀኑ ራሱ ከቁርስ እስከ ምሳ ነው እንጂ)። ወንጪ ላይ ጸሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በጥቅምት መጨረሻ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ብቅ ትላለች፤ ከዚያ 6 ዲግሪ ላይ ለመድረስ 25 ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። ያ ነው ወርቃማው ጊዜ። ሻይ ልጠጣ ካልሽ አለቀ።

ወንጪ ደግሞ ሜዳ አይደለም፣ ጎድጓዳ ነው። ይህንን ብዙ ሰው አያስበውም። ጠዋት የምሥራቁ ጠርዝ ጥላውን ወደ ውስጥ ይጥላል፤ የምዕራቡ ግድግዳ ከላይ ጀምሮ ወርቅ ሲለብስ ሐይቁ ገና ጥላ ውስጥ ነው። ጸሐይዋ ውሃው ላይ እስክትደርስ ወርቁ ሄዷል፣ ብርሃኑ ነጭ ሆኗል። ማታ ደግሞ ግልባጩ ነው። ስለዚህ ወርቃማ ግድግዳና የሚያበራ ውሃ በአንድ ላይ አታገኚም። አንዱን ምረጪ። እኔን ከጠየቅሽኝ ጥቁር ሰማያዊ ውሃና በላዩ የሚበራ ግድግዳ ይበልጥብኛል፣ ጭጋጉም ካለ የሚኖረው ያኔ ነው። አክስትሽ ግን የሐይቁን አረንጓዴነት ከፈለገች ከ3 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ጠብቂ፤ ወርቁን እርሺው።

መቆሚያሽም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መንገዱ ከፈቀደልሽ ከደቡቡ ጠርዝ ሆነሽ ወደ ሰሜን እዪ። በዚያ ወቅት የጠዋት ጸሐይ ከኋላሽ በቀኝ በኩል ናት። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የግድግዳውን እጥፋትና የማሳውን ቅርጽ ያወጣዋል። ጸሐይዋ ቀጥታ ከኋላሽ ከሆነች ሁሉ ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከፊትሽ ከሆነች ደግሞ የፓኖራማው ግማሽ ጭስ ይመስላል።

አሁን ወደ ደመናው። ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የደመናው ጥላ በ1 ደቂቃ 500 ሜትር ይጓዛል። ደቂቃ ሙሉ ከፈጀብሽ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬም የተለያየ ቦታ ናቸው በይው። በ15 ወይም በ20 ሰከንድ ከጨረስሽ ግን መቶ ሃምሳ ሜትር ገደማ ነው፣ ስቲቹ ይውጠዋል። ስለዚህ ፍጥነት። ከእያንዳንዱ ፍሬም በኋላ ስክሪኑን አትዪ። ሁሉንም ፍሬም ጨርሺ፣ ቆም በይ፣ ከዚያ እንደገና ሁሉንም ከመጀመሪያው። ብርሃኑ ባማረ ቁጥር ሙሉ ዙር አንሺ። መሃል ላይ ደመና ከጋረደሽ ዙሩን ተዪውና ሌላ ጀምሪ፤ ከአንዱ ዙር ሦስት ፍሬም ከሌላው አራት እቀላቅላለሁ ካልሽ ግን ጥላዎቹ አይገጥሙልሽም። በየዙሩ መሃል እጅሽን አንድ ፎቶ አንሺ፣ ቤት ስትገቢ ዙሩ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ በእሱ ትለያለሽ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሰው እንዳያሳስትሽ። ሦስት ሦስት ፍሬም በተለያየ ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) አንሺና ኤችዲአር አድርጊው፣ ማለትም ሦስቱን ወደ አንድ ቀላቅዪው የሚሉሽ ይመጣሉ። ብርሃኑ ሲቆም እሺ። በሚሮጥ ደመና ሥር ግን ጊዜውን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፣ ያተረፍሽውን ሁሉ ይበላዋል።

ጠርዝ ላይ፦

በኤችዲአሩ አልስማማም። ጎህ ላይ ጥላ ውስጥ ባለው ውሃና በሚያበራው ሰማይ መካከል ያለው ልዩነት ለመግቢያ ካሜራ ብዙ ነው። ጥላውን ከሮው ላይ ስታነሺው ቡናማ ነጠብጣብ ይሞላዋል፣ 3 ሜትር ላይ ደግሞ ይታያል። ካሜራው በተከታታይ ሦስት ተኩሶ የሚጨርስ ከሆነ በፍሬም አንድ ሰከንድ እንኳን አይጨምርም።

ሰሜን ብርሃን፦

ሹተሩ ፈጣን ከሆነ እሺ። ጎህ ላይ በአይኤስኦ 100 ግን የሚበራው ፍሬም ግማሽ ሰከንድ ሊፈልግ ይችላል፣ የሷ ትራይፖድ ደግሞ እየተወዛወዘ ነው። ሁለቱንም ትሞክር፣ አንድ ዙር በሦስት በሦስት፣ ሌሎቹን በነጠላ።

ቀለም ቀቢው፦

ሁላችሁም ስለ ማሽኑ ነው የምታወሩት። ልጅቷ ዓይን የት እንደሚያርፍ አይታወቅም ብላለች እኮ፣ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው፤ ማንም አልነካውም።

እኔ ሥዕል ነው የተማርኩት፣ ካሜራ በኋላ ነው የመጣው። ብዙ ፓኖራማ አሰልቺ የሚሆነው ሰውየው ያየውን ሁሉ ስለሚያስገባ ነው። ጠርዝ ላይ ቆመሽ ዙሪያሽን ስትመለከቺ ደስ የሚልሽ አንገትሽ ስለሚዞር ነው፣ ነፋሱም ስላለ ነው። ግድግዳ ላይ አንገት አይዞርም። ስለዚህ 180 ዲግሪውን እርሺው። ከ100 እስከ 120 ይበቃል፣ ያውም ይበዛል።

ወንጪ ላይ ያለሽ ትልቁ ሀብት ደሴቷ ናት። ቂርቆስ ያለባት። ትንሽ ናት፣ ውሃ ከቧታል፣ ዓይን ወዲያው ይሄድባታል። መሃል ላይ አታድርጊያት፤ ከግራ ወይም ከቀኝ ሲሶው ላይ ትቀመጥ። ቀሪው ሰፊ ቦታ የብርሃንና የጥላ መጫወቻ ይሁን። ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች አስቢ። ፓኖራማ የሚፈርሰው ጫፉ ላይ ነው፤ ዓይን እየሄደ ሄዶ ወደ ባዶ ይወድቃል። በግራ ወደ ውስጥ የሚወርድ ቁልቁለት፣ በቀኝ ደግሞ ዛፍ ወይም የእንሰት ቁጥቋጦ ካለ ምስሉን ይዘጉታል። ያ እንሰት ታዲያ «ጠርዝ ላይ» እንደጻፈው አንድ ፍሬም ውስጥ ብቻ ይግባ። የመጨረሻው ፍሬም ውስጥ፣ መደራረቡ በማይደርስበት በኩል ካደረግሽው ሁለት መሆኑም አያሰጋሽም።

የደመና ጥላን እንደ ጠላት አትዪው። ሁሉም ቦታ እኩል ከበራ ካርታ ነው። ሰው የሚያምርበትን ቀን ሲጠብቅ ጥርት ያለ ሰማይ ይጠብቃል፣ እኔ ግን ለወንጪ ቁርጥራጭ ደመና ያለበትን ቀን ነው የምመርጠው። ከፊት ያለው ጠርዝ ጥላ ውስጥ ሆኖ ብርሃኑ ደሴቷና ማዶው ማሳ ላይ ሲወድቅ ጠብቂ። ጥላው ወዴት እንደሚሄድ ለትንሽ ጊዜ ተመልከቺ፣ ደሴቷ ጋ መቼ እንደሚደርስ መገመት አያቅትሽም። ያን ጊዜ ነው ዙሩን የምትጀምሪው። ግራው ፋሲካ ቀኙ ሐምሌ ሆነ ያልሽውም እኮ፣ አንድ ዙር ውስጥ በእውነት እንደዚያ ከነበረ ጥሩ ፎቶ ነው። ችግሩ ከሁለት የተለያየ ደቂቃ ሲመጣ ነው።

ሰማዩ ባዶ ከሆነ ሢሶ አትስጪው፣ ቀጭን መስመር ይበቃዋል። ደመናው ካማረ ደግሞ ስጪው። ቅዳሜ ከሰዓት ደርሰሽ ካሜራውን ሳታወጪ ጠርዙን ተራመጂበት። ካርቶን ላይ 3 በ1 የሆነ መስኮት ቅደጂና በእሱ አሻግረሽ እዪ፣ ቦታው ያኔ ይመረጣል። ጠዋት በጨለማ የት ልቁም ማለት አይቻልም፣ ብርዱም ማሰብ ይከለክላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጓንት ያዢ። ሰው እንዲታይ ከፈለግሽ ፈረስ ይዘው ወደ ታች የሚወርዱ የአካባቢው ልጆች አሉ፤ አስፈቅደሽ፣ ተነጋግረሽ፣ ትንሽ ነገር ሰጥተሽ።

እንሰት ሥር፦

የካርቶኑን ነገር ወደድኩት። ሌንሱንስ? 18 ላይ ነበር ያነሳሁት፣ ሁሉም ነገር እንዲገባ።

ሰፊ ሕትመት፦

ሌንሱ ከሕትመቱ ሒሳብ ነው የሚወጣው፤ ሥራዬ እሱ ስለሆነ ልመልስ። 3 ሜትር ማለት 118 ኢንች ነው። ቁርስ ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ቀረብ ብሎም ስለሚያየው በኢንች 150 ፒክስል እንያዝ። ወደ 17,700 ፒክስል ስፋት ያስፈልግሻል። ካሜራሽ በቁመት ሲቆም የፍሬሙ ስፋት 4,000 ፒክስል ነው። ሲሶው ሲደራረብ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፍሬም 2,670 ያህል ይጨምራል። ስድስት አይሞላም፣ ሰባት ይበቃል። በ35 ሚሊ ሌንስ ሰባት ፍሬም 120 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፣ ልክ ቀለም ቀቢው ያለው ነው። 18 ላይ ከሆነ ግን ለ120 ዲግሪ አራት ፍሬም ይበቃና ፒክስሉ ያጥርሻል፣ ደሴቷም ነጥብ ትሆናለች። 35 ላይ አድርጊው፣ ቀለበቱ እንዳይንቀሳቀስ ፕላስተር ለጥፊበት። ቁመቱ 6,000 ስለሚሆን ለ1 ሜትሩ ልክ ይበቃል፣ ከላይና ከታች የሚቆረጥ ግን ብዙም አይተርፍም።

ላይትሩም ፕሮጀክሽን (ምስሉን የሚዘረጋበትን መንገድ) ሲጠይቅሽ ሲሊንድሪካል በይው። ፐርስፔክቲቭ የሚባለው በዚህ ስፋት ሁለቱን ጫፎች ይጎትታቸዋል። ሲሊንድሪካል ቀጥ ያለ መንገድ ወይም አጥር ከፊት ካለ ያጎብጠዋል፣ ወንጪ ግን ራሱ ክብ ስለሆነ ማንም አያውቅም። ላይትሩም እንቢ ካለሽ ሁጊን የሚባል የስቲች ፕሮግራም በነጻ አለ፤ ትንሽ ያደክማል፣ ግን የፍሬሞቹን ብርሃንና የሌንሱን የጥግ ጥቁረት ራሱ አስልቶ ያስተካክላል።

እንሰት ሥር፦

ባነር ላይ ይታተም ወይስ ሸራ? ዋጋው በጣም ይለያያል።

ሰፊ ሕትመት፦

ባነር ላይ እንዳታደርጊው። ያብረቀርቃል፣ ከበሩ ትይዩ ከሆነ ደግሞ የውጪው ብርሃን ቀጥታ ይመታውና ሰው ሐይቁን ሳይሆን በሩን ነው የሚያየው። ሸራ ወይም ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ይሁን። ሸራ ከሆነ በእንጨቱ ላይ የሚታጠፍ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ፣ ስታነሺም ቢሆን ደሴቷንም ሆነ የጫፉን ዛፍ ከዳር አታስጠጊ። ስክሪን ላይ ከሚታይሽ ይልቅ ሕትመቱ ጨለም ብሎ ይወጣል፤ በተለይ ያ ሰማያዊ ውሃ ጥላ ውስጥ ከሆነ። ከሙሉው በፊት ሐይቁንና ግድግዳውን የያዘ ትንሽ ቁራጭ አሳትመሽ እዚያው ቁርስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ እዪው።

ሚጡ፦

ይቅርታ ጥያቄ ልጨምር። ካሜራ የለኝም፣ በአይፎን የሚነሳው ፓኖራማስ አይሆንም? ለግድግዳ ሳይሆን ለራሴ።

ጠርዝ ላይ፦

ለራስሽ ከሆነ በደንብ ይሆናል። የስልኩን ፓኖራማ ሞድ ግን ተዪው፤ በሚቀያየር ብርሃን እየሄደ ስለሚያስተካክል ሰማዩን ያዥጎረጉረዋል። ስልኩን በቁመት ያዢና ተራ ፎቶ እያደረግሽ አንሺ። መጀመሪያ ብሩሁ ቦታ ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ቆዪ፣ ኤክስፖዠሩና ፎከሱ እንደተቆለፈ ይነግርሻል። ከዚያ ሳትነኪው ዘወር እያልሽ ፍሬሞቹን አንሺ። ስትዞሪ ስልኩን በተዘረጋ ክንድ አታዙሪው፤ ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ ባለሽበት ቦታ እግርሽን ብቻ እያዞርሽ። ስቲቹን ኮምፒውተር ላይ ሁጊን ይጨርስልሻል።

እንሰት ሥር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከደቡቡ ጠርዝ ለመቆም መንገዱን ቅዳሜ አጣራለሁ። ደመና ጭራሽ ባይኖርስ?

ቀለም ቀቢው፦

ጎህ ላይ የግድግዳውን ወርቅ አንሺና ግቢ። ጥርት ባለ ሰማይ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለውን ብርሃን አልወደውም፣ ሰሜን ብርሃን ይቅር ይበለኝ። ሰማዩን ቆርጠሽ አውጪው፣ ከማዶው ጠርዝ በላይ የጣት ስፋት ብቻ ተዪ።

ሰሜን ብርሃን፦

ይቅር ብያለሁ። ግን አክስቷ አረንጓዴውን ውሃ ካለች የ3 ሰዓቱንም ሁለት ዙር አንሺ፣ ግድግዳው የሷ ነው።